ሲምፕሰን ሌላም ደብተር ነበረው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት የሰሜን አሜሪካው የቆዳ ንግድ ኩባንያ፣ የሃድሰን ቤይ ካምፓኒ፣ ገዥ ስለነበረው ስለ ሰር ጆርጅ ሲምፕሰን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ደስ አለኝ። የምኖረው ካናዳ፣ ዊኒፔግ ነው፤ ሰውየው አርባ ዓመት ያህል ባስተዳደረው ምድር ላይ። ስለ እሱ በአማርኛ ተጽፎ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሁለተኛው ንባብ ግን ከፋኝ። የሕይወቱን ታሪክ የነገራችሁን እሱ ራሱ ካሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ብቻ ወስዳችሁ ነው። ሲምፕሰን የጻፈው ግን ያንን ብቻ አይደለም። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጉዞው ትልቅ መሆኑን አልክድም። በመጋቢት 1841 ከለንደን ተነሣ። ካናዳን በታንኳና በፈረስ አቋርጦ፣ የሮኪ ተራሮችን አልፎ ፓሲፊክ ደረሰ። ያኔ የሩሲያ የነበረችውን አላስካን፣ ካሊፎርኒያንና ሃዋይን አየ። ከዚያ ሳይቤሪያን ከዳር እስከ ዳር ሄዶ በሴንት ፒተርስበርግ በኩል ለንደን ተመለሰ። ሃያ ወር እንኳ አልፈጀበትም። መጽሐፉ በ1847 በሁለት ቅጽ ወጣ።

ሰውየው ግን ተጓዥ ከመሆኑ በፊት የኩባንያ ሰው ነው። ሃድሰን ቤይ ካምፓኒ በ1670 ከእንግሊዙ ንጉሥ ከዳግማዊ ቻርልስ ቻርተር ተቀበለ። ወንዙ ወደ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ የሚፈስ ምድር ሁሉ ለኩባንያው ተሰጠ። ክሪዎችና ሌሎች በዚያ የሚኖሩ ሕዝቦች አልተጠየቁም። ንግዱ የቢቨር፣ ወንዝ ውስጥ የሚኖር የባለ ፀጉር እንስሳ፣ ቆዳ ነበር፤ አውሮፓ ውስጥ ከፀጉሩ ባርኔጣ ይሠሩ ነበር። ሲምፕሰን ለንደን በአጎቱ የስኳር ንግድ ቤት ሲሠራ የነበረ ስኮትላንዳዊ ነው። በ1820 ኩባንያው ወደ ሰሜን አሜሪካ ላከው። በዓመቱ ኩባንያው ከተቀናቃኙ ከኖርዝ ዌስት ካምፓኒ ጋር ሲዋሐድ ሥልጣኑ ሰፋ። ብዙ ሠራተኛ አሰናበተ፣ ወጪ ቆረጠ። አሜሪካኖች ፓሲፊክ ዳር ወዳለው ወደ ኦሪገን እንዳይመጡ ብሎ በስኔክ ወንዝ አካባቢ ያለውን ቢቨር አስጨርሶ ለማጥፋት አዳኞች አሰማራ። ስለ አገሬው ሕዝብም በ1822 በጻፈው ደብዳቤ «በብረት በትር መገዛት አለባቸው» ብሏል። በእኛ ላይ ጥገኛ መሆናቸው ይሰማቸው፣ ነው የሚለው። እናንተ ግን «ከአገሬው ሰው ጋር ተግባብቶ የኖረ» ብላችሁ ጻፋችሁ።

የመጽሐፉን ቃል ለማመን የሚያስቸግረኝ ዋናው ምክንያት ግን የ1857ቱ ጉዳይ ነው። ለንደን ውስጥ የፓርላማ ኮሚቴ ኩባንያውን ሊመረምር ተቀምጦ ሲምፕሰንን ጠራው። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ይህ የኩባንያው ምድር ለገበሬ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ሲምፕሰን አይሆንም አለ። ውርጭ አለ፣ ጎርፍ አለ፣ ማገዶ የለም። ገበሬ ከገባ የቆዳው ንግድ ስለሚያበቃ ለኩባንያው የሚጠቅመው ይህ መልስ ነበር። ያኔ የገዛ መጽሐፉን አውጥተው አነበቡለት። በመጽሐፉ ውስጥ የሬይኒ ወንዝን ዳርቻ ለምነትና ውበት አድንቆ፣ አንድ ቀን ወንዙ ላይ ሰው የሞላባቸው የእንፋሎት መርከቦች፣ ዳር ዳሩንም ሕዝብ የበዛባቸው ከተሞች ይታዩኛል ብሎ ነበር። በቃ፣ ተያዘ። ወይ መጽሐፉ ውስጥ አጋንኗል፣ ወይ ኮሚቴው ፊት ሸሽጓል። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። በበጋ ከዊኒፔግ ወጣ ስትሉ መንገዱ ግራና ቀኝ እስከ አድማስ ድረስ እህል ነው።

ሌላው ደብተር በ1832 የጻፈው ነው። ከመቶ ሃምሳ በላይ ስለሚሆኑ ሠራተኞቹ በምስጢር ይዞት የነበረ ነው። ስማቸውን አልጻፈም፤ በቁጥር ተካው። ማን ሰካራም እንደሆነ፣ ማን ሰነፍ፣ ማን እንደማይታመን ያለ ርኅራኄ አስፍሮታል። ዛሬ እዚሁ ዊኒፔግ፣ የኩባንያው መዛግብት ባሉበት ቤት ይገኛል። ለእኔ ከጉዞ መጽሐፉ ይልቅ ሰውየው ራሱ የሚሰማበት እዚህ ነው። ለአንባቢ ብሎ አላሳመረውም።

ጨርሶ ያልነካችሁት ደግሞ ማርጋሬት ቴይለርን ነው። አባቷ የኩባንያው መርከበኛ፣ እናቷ የአገሩ ተወላጅ። በዚያ ዘመን ነጋዴዎቹ በአገሬው ወግ ሚስት ያገቡ ነበር፤ ካህን የለም፣ ግን ጋብቻ ነው። ሲምፕሰን ከማርጋሬት ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደ። ወንድሟ ቶማስ አገልጋዩ ነበር። ሲምፕሰን በ1829 ወደ እንግሊዝ ሄደ፣ በ1830 ተመለሰ፤ ሲመለስ የአጎቱን ልጅ፣ የአሥራ ስምንት ዓመቷን ፍራንሲስን በቤተ ክርስቲያን አግብቶ ይዞ ነው። በዓመቱ ማርጋሬት ከቀድሞ ቀዛፊዎቹ ለአንዱ፣ ለአማብል ሆግ ተዳረች። ነገሩን ያቀናጀው ሲምፕሰን ነበር።

ፍራንሲስም አልተመቻትም። የመጀመሪያ ልጇ እዚሁ ሞተባት፣ እሷም ታማ በ1833 ወደ እንግሊዝ ተመለሰች። የሷን ኀዘን አላቃልልም። ግን ሲምፕሰን ያደነቀው የሬይኒ ወንዝ ዳር ዛሬም በስሟ የሚጠራ ከተማ አለ፤ ፎርት ፍራንሲስ ይባላል። የማርጋሬት ስም ያለበት ቦታ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት ልጆቼን ይዤ ሎወር ፎርት ጋሪ፣ የኩባንያው የቀድሞ ምሽግ፣ ሄድኩ። ከከተማው በስተሰሜን ግማሽ ሰዓት ያህል በመኪና ነው። ሲምፕሰን ለፍራንሲስ መኖሪያ ብሎ ያስጀመረው የድንጋይ ቤት አሁንም ቆሟል። ትልቋ ልጄ «ሌላዋስ የት ነበረች?» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት፤ ብዙ አልነበረም።

አዘጋጅ ሆይ፣ ጽሑፋችሁ ሁለተኛ ክፍል እንዳለው ግርጌው ላይ አይቻለሁ። እባካችሁ የ1857ቱን ምስክርነትና ማርጋሬት ቴይለርን በዚያ ውስጥ አስገቡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከዊኒፔግ