ኮዱን ከመጨረስሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

እሑድ ዕለት በስልክ ስናወራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ አንድ የኦፕን ሶርስ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ላይ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርና የሰዓት አቆጣጠራችንን ለመጨመር ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትሠሪ እንደቆየሽ ስትነግሪኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀጥለሽ ግን «ሙሉ በሙሉ ሳልጨርሰው ለማንም አላሳይም፤ ለፕሮጀክቱ ሰዎችም አልነገርኳቸውም» አልሽኝ፤ ያን ጊዜ ልናገር የፈለግሁት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። በስልክ ብናገረው ሥራሽን ያቃለልሁብሽ እንዳይመስልሽ ሰግቼ ነው ወደ ደብዳቤ የዞርሁት። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ሌላ አንድ መስመር ኮድ ከመጨመርሽ በፊት ምን ልትሠሪ እንዳሰብሽ ፕሮጀክቱን ለሚጠብቁት ሰዎች፣ ለሜንቴነሮቹ፣ ጻፊላቸው።

ለምን ዝም እንዳልሽ ይገባኛል፤ እንዲህ አድርገን ያሳደግንሽም እኛው ነን። ትምህርት ቤት ሳለሽ ደብተርሽን በክንድሽ ሸፍነሽ ትጽፊ ነበር፤ ያላለቀ ሥራ ይዞ ታላላቆች ፊት መቅረብም በቤታችን እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። በዚያ ላይ እንግሊዝኛሽ እንዳያሳፍርሽ፣ «ይህንንም አታውቅም እንዴ» እንዳይሉሽ ትፈሪያለሽ። ስሜቱ ከጨዋነት የመጣ ስለሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን በሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ለመሥራት ያሰበ ጨዋ ሰው ባለቤቱን የሚያነጋግረው ግድግዳውን አቁሞ ጭቃውን ከመረገ በኋላ ሳይሆን መሠረቱን ከመቆፈሩ በፊት ነው፤ አንቺም አሁን ያለሽው በሰው ግቢ ውስጥ ነው።

ይህን የምነግርሽ ደርሶብኝ ነው። በ2003 ዓ.ም.፣ አንቺ መዋዕለ ሕፃናት ሳለሽ፣ ማታ ማታ ከተኛሽ በኋላ ለአንድ የመዝገብ አያያዝ ሶፍትዌር የሪፖርት ማተሚያውን ክፍል እንደገና እጽፍ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር በላፕቶፑ ባትሪ እየቀጠልሁ ሁለት ወር ደከምሁበት፤ ወደ 3000 መስመር የሚጠጋ ለውጥም በአንድ ጥቅል ላክሁ። ከአምስት ቀን በኋላ የመጣው መልስ ሦስት ዐረፍተ ነገር ነበር፤ አመሰገኑኝ፣ የሪፖርቱ ክፍል ከሚቀጥለው እትም ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ መወሰኑን ነገሩኝ፣ ውይይቱ ከስምንት ወር በፊት የተካሄደበትንም ገጽ አመለከቱኝ። ገጹን ከፍቼ ሳነበው ሁሉም ነገር እዚያው ተጽፎ አገኘሁት። ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ በማግሥቱ ይነግሩኝ ነበር። አለቀስሁ፤ ሰዎቹንም ጨካኞች ብዬ ዓመት ሙሉ ወደዚያ ፕሮጀክት ሳልመለስ ቀረሁ።

ፍርዴን የለወጠው እኔ ራሴ በተራዬ ቀንን ከአንድ ዘመን አቆጣጠር ወደ ሌላ የምትቀይር አንዲት ትንሽ ፕሮግራም መጠበቅ ስጀምር ነው። አንድ ቀን ከማላውቀው ሰው 40 ፋይል የሚነካ ለውጥ መጣልኝ። ራት ከተነሣ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ፋይል ማንበብ ጀመርሁ፤ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ሰውየው የቀን ስሌቱን ከእኔ በተለየ መነሻ እንደጀመረው አየሁ። ስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን የእኔን መነሻ አምነው የሚሠሩ ሌሎች ሁለት ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ያንን ደግሞ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ በየትም ቦታ አልጻፍሁትም፤ እርሱም አልጠየቀኝም። አንብቤ ለመጨረስ ሦስት ማታ ወሰደብኝ፤ «አልቀበለውም» ብዬ ለመጻፍ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ፈጀሁ፤ ምክንያቱም ያን ያህል የደከመን ሰው እምቢ ማለት ያማል። ላም ቢሰጡሽ ድርቆሹ፣ በረቱና ጥበቃው የአንቺ ነው፤ ኮድም እንዲሁ ነው። ሜንቴነሩ አንድ ለውጥ ሲቀበል፣ የላከው ሰው በሌላ ሥራ ተጠምዶ በጠፋበት ጊዜም ቢሆን ብልሽቱን ሊያርም፣ ለሚጠይቀው ሊያስረዳ፣ በየእትሙ ሊፈትነው ይስማማል። ስለዚህ ሲያመነታ ንቆሽ እንዳይመስልሽ፤ የሚያየው የሚመጡትን ዓመታት ነው።

በታላላቆቹም ፕሮጀክቶች የሆነው ይኸው ነው። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም እምብርት፣ አዘጋጆች ለአዲስ ገቢዎች በጻፉት መመሪያ ውስጥ፣ ኮድ ከመጀመሩ በፊት ስለሚደረግ ውይይት የሚናገር ራሱን የቻለ ክፍል አለ፤ በምሳሌነት ያነሡትም የድምፅ ባለሙያዎችን ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ድምፅ ሳይቆራረጥ እንዲቀረጽ ፕሮግራሞቻቸው ከሌሎች ቀድመው ፕሮሰሰሩን እንዲያገኙ ፈለጉ፤ ለዚህም በከርነሉ የደኅንነት ማዕቀፍ ላይ የሚሰካ ሞጁል፣ ማለትም ተጨማሪ የኮድ ክፍል፣ ሠርተው አቀረቡ። ለእነርሱ ችግሩ ተፈትቷል። የከርነሉ ሰዎች ግን ማዕቀፉ የተሠራው መብትን ለመገደብ እንጂ ለፕሮግራም ያልነበረውን መብት ለመጨመር አይደለም፣ የሲስተሙንም መረጋጋት ያሰጋል ብለው ተቃወሙ፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ገደብ በሚወስነው በነባሩ አሠራር መጠቀምን መረጡ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው በ2.6.12 እትም ውስጥ ገባ። የድምፅ ባለሙያዎቹ ከሠሩት መፍትሔ ውጭ ሌላ ማየት ስለተሳናቸው በከርነሉ አሠራር ተስፋ ቆረጡ። ሐዘኔታዬ ለሁለቱም ወገን ነው። ችግሩን ገና በጥያቄ መልክ ይዘው ቀርበው ቢሆን ኖሮ የሚከላከሉለት ሞጁል አይኖራቸውም ነበር፤ የሚፈልጉት ግን ያለ ቅሬታ በእጃቸው ይገባ ነበር። የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991 ሥራውን ሚኒክስ ለሚባለው ሌላ የኮምፒውተር ሲስተም ተጠቃሚዎች ሲያስታውቅ፣ በሚኒክስ ውስጥ ምን እንደሚወዱና ምን እንደሚጠሉ ጠይቋቸው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ለሕዝብ የወጣ አንድም እትም አልነበረውም።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር 13 ወር አለው፤ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች። ይህን ስሌት አይሲዩ የሚባለው፣ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ አስቀድሞ ይዞታል፤ የወራቱን ስም ደግሞ የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚጻፉበትን ደረጃ የሚያወጣው የዩኒኮድ ድርጅት ሲኤልዲአር በሚባለው የመረጃ ክምችቱ ውስጥ ያሰናዳል፤ ብዙ ፕሮግራሞችም ከእነዚህ ሁለቱ ይቀዳሉ። ያንቺ መተግበሪያ አይሲዩን የሚጠቀም ከሆነ፣ ሦስት ሳምንት የደከምሽበት ስሌት አያስፈልግም፤ የሚቀርሽ አንድ ምርጫና የወሩ ማሳያ ብቻ ይሆናል። የራሱን ስሌት የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ፣ ዓመት 12 ወር ነው የሚለው ግምት በስንት ቦታ እንደተበተነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የሰዓቱ ነገር ጭራሽ ሌላ ጥያቄ ነው። እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት የምንለውን ሌላው ሰባት ይለዋል፤ ይህ ማሳያውን ብቻ መንካት አለበት፤ የተቀመጠውን ቀጠሮ ከነካ ግን በውጭ አገር ያለው ወንድምሽ በሚልክልሽ ቀጠሮ ላይ በስድስት ሰዓት ትሳሳቻለሽ። ሁለቱን አንድ ላይ አትላኪ፤ ዘመኑን አስቀድሚ።

ከመጻፍሽ በፊት አስተዋጽኦ ለሚያደርጉ ሰዎች ያዘጋጁትን ፋይል አንብቢ፤ ኢሹ የሚባሉትን፣ ጥያቄና ችግር የሚመዘገብባቸውን የውይይት ገጾች፣ የተዘጉትንም ጭምር ፈትሺ፤ እኔን የጎዳኝ እርሱን አለማድረጌ ነው። ከዚያ አጭር መልእክት ይበቃል። ይዘቱ ይህን ቢመስል ደስ ይለኛል፤

«ሰላም ለእናንተ። መተግበሪያችሁን በየቀኑ እጠቀማለሁ። 13 ወር ያለውን የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ ምርጫ መጨመር እፈልጋለሁ። ቀኖቹ አሁን በሚቀመጡበት መልክ ይቀመጣሉ፤ የሚለወጠው ማሳያው ብቻ ነው። የወሩን ሠንጠረዥ የሚሥለው ክፍል የተጻፈው ለ12 ወር ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር አስቤ ነበር። ይህን ሐሳብ ትቀበሉታላችሁ? የተሻለ መነሻስ ይታያችኋል? ለሙከራ የጻፍሁት ኮድ አለ፤ ለማየት ከፈለጋችሁ አያይዘዋለሁ።»

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አታስቀሪው። ሦስት ሳምንት የሠራሽው አይጣልም፤ ነገር ግን እንደ ሙከራ አቅርቢው እንጂ ያለቀ ነገር አድርገሽ ፊታቸው አትዘርጊው። ሐሳቡን ከወደዱት፣ ገና እየተሠራ መሆኑን የሚያመለክተውን የረቂቅ ፑል ሪኩዌስት (ለውጥሽን እንዲቀበሉ የምታቀርቢውን ጥያቄ) ከፍተሽ የመጀመሪያዋን ትንሽ ክፍል ብቻ አሳዪያቸው፤ ብዙ ፕሮጀክቶች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሃብ የሚባለው ድረ ገጽ ይህን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይፈቅዳል።

መልስ ቢዘገይ አትከፊ። ብዙዎቹ ከሥራ በኋላ፣ ልጆቻቸውን አስተኝተው፣ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሁለት ሳምንት ቆይተሽ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሻቸው፤ አትወትውቻቸው። ኤክስዜድ የሚባለውን የፋይል መጭመቂያ ለብቻው ይጠብቅ የነበረው ሰው፣ ሥራው ያለ ክፍያ የሚሠራው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን፣ ጤናውም እንደከበደው በግልጽ ጽፎ ሳለ ሰዎች ፍጠን እያሉ ያጨናንቁት ነበር፤ በዚያው ድካም መካከል የረዳው የመሰለው ሰው ፕሮግራሙ ውስጥ ድብቅ የጥቃት በር እንዳስገባ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ታወቀ። እምቢ ካሉሽም ምክንያቱን ጠይቂ፤ ኮዱ የወጣበት የኦፕን ሶርስ ፈቃድ ስለሚያስችልሽ የራስሽን ቅጂ ይዘሽ መቀጠል ትችያለሽ፤ ግን እርሱም አውቀሽና መርጠሽ ይሁን።

መልእክቱን በእንግሊዝኛ ከጻፍሽው በኋላ ካልተማመንሽበት ዛሬ ማታ ላኪልኝ፤ ሰዋስዉን ብቻ አያለሁ፤ ሐሳቡን አልነካብሽም። ለፋሲካ ስትመጪም ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነዪ። ጳጉሜንን በዚያ ሠንጠረዥ ላይ እንዴት እንዳስቀመጥሻት በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ