የዩኒቨርሲቲ ምርጫና ገና ያልለመድነው የባንክ ሥራ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በጎንደር ከተማ የማራኪ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በባንክ የብድር ክፍል አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የእህቴ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን በጥሩ ውጤት አልፋ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ልትሞላ በተዘጋጀችበት በዚህ ሰሞን፣ ቤተሰባችንን ለሁለት የከፈለ ጥያቄ ገጥሞናል። ልጅቱ ወደፊት መሥራት የምትፈልገው በኢንቨስትመንት ባንክ ነው፤ አከራካሪው ነገርም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ታስቀድም ወይስ ደጃችን ላይ ያለውን የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የሚለው ነው። ከጎረቤቶቼና ከቀድሞ ባልደረቦቼ ጋር ስጫወት ተመሳሳይ ክርክር በሌሎችም ቤቶች እንዳለ ስለተረዳሁ፣ ያሰብኩትን ለአንባቢዎቻችሁ ላካፍል ወደድሁ።

በቅድሚያ ሥራው ምን እንደሆነ መግባባት ያስፈልጋል። እናቷ «ባንክ» የሚለውን ቃል ስትሰማ የታያት መስኮት ላይ ተቀምጦ ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ነበር፤ እኔም ብሆን ዕድሜዬን የፈጀሁት ተቀማጭ በሚሰበስብና በሚያበድር ባንክ ውስጥ ነው። የኢንቨስትመንት ባንክ ሥራ ከዚህ የተለየ ነው። ኩባንያዎች አክሲዮን ወይም ቦንድ ሸጠው ካፒታል ሲያሰባስቡ ዋጋውን ይተምናል፣ የደንበኛ ሳቢ መግለጫውን፣ ማለትም ገዢዎች ከመወሰናቸው በፊት ስለ ኩባንያው የሚያነቡትን ሰነድ፣ ያዘጋጃል፣ ገዢ ያፈላልጋል፣ አንዳንድ ጊዜም ሳይሸጥ የሚቀረውን ራሱ ሊገዛ ቃል ይገባል፤ አንዱ ኩባንያ ሌላውን ሲገዛ ወይም ሁለቱ ሲዋሐዱም ያማክራል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን በ100 ሚሊዮን አክሲዮን ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ እንደነበር አንባቢዎቻችሁ ያስታውሳሉ። ዋጋው ከብዶ ነው፣ ገዢው በቂ መረጃ አጥቶ ነው፣ ወይስ ለአንድ ሰው የተፈቀደው የ3,333 አክሲዮን ጣሪያ ዝቅ ብሎ ነው የሚሉትን ጥያቄዎች ገና ከሽያጩ በፊት አንሥቶ ለእያንዳንዳቸው በቁጥር መልስ ማዘጋጀት የዚህ ሙያ ዋና ተግባር ነው።

ጉዳዩ ለእኔ የወሬ ያህል ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት የአንድ ባንክ አክሲዮን ገዝቼ ነበር፤ ባለቤቴ ታማ ለሕክምና ገንዘብ ባስፈለገን ጊዜ ልሸጠው ብነሣ፣ እኔ ራሴ የባንክ ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። በመጨረሻ ለአንድ ለሚያውቀኝ ሰው በገዛሁበት ዋጋ ለቀቅሁለት። በከተማችን የአክሲዮን ሰርተፊኬቱን ከቤት ካርታው ጋር ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ፣ ነገር ግን የያዘው ወረቀት ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ የማያውቅ አባወራ ብዙ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሙያ መምረጧ ደስ ያሰኘኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ሙያው ግን በአገራችን ገና ጅምር ላይ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት አነስ ያለ የአክሲዮን ግብይት ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ቆመና ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ተረሳ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 የወጣው በ2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተመረቀው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነው ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል በኢንቨስትመንት ባንክነት ቀድመው ፈቃድ ካገኙት መካከል ናቸው። እንግዲህ ገበያው ይህን ያህል ለጋ ከሆነ፣ እዚሁ አገር ውስጥ በሥራው ላይ ኖሮበት ወደ ማስተማር የመጣ መምህር በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር በብዛት ሊገኝ አይችልም። በውጭ አገር ትልልቆቹ ኢንቨስትመንት ባንኮች ከታወቁ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች መርጠው ስለሚቀጥሩ የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻውን በር ይከፍታል፤ በእኛ አገር ያ ልማድ ገና አልተተከለም፣ ባይተከልም እመርጣለሁ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ ብልጫ እንግዲህ ከስሙ ይልቅ ሥፍራው ነው። ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ የሒሳብ ባለሙያ ሲያፈራ የኖረው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ፣ ሁላችንም «ኮሜርስ» የምንለው፣ ያለው ሰንጋ ተራ ከባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች መካከል ነው። ተቆጣጣሪው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም፣ ገበያውም፣ ኢንቨስትመንት ባንኮቹም እዚያው ከተማ ናቸው። እዚያ የሚማር ልጅ ከክፍል ወጥቶ ታክሲ ይዞ ስብሰባ ሊታደም፣ ሰው ሊተዋወቅ፣ የልምምድ ማመልከቻውን በእጁ ሊያደርስ ይችላል። የእኛ ልጆች ከዚያ ሥፍራ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነው ያሉት፤ በእነዚህ ዓመታት ደግሞ በመኪና መሄድ ምን ያህል ሥጋት እንዳለው ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለልጅቱ ጎንደርን አስቀድሚ ብዬ መክሬያታለሁ። ዋናው ምክንያቴ ብዙ ወላጆች የማያስተውሉት የምደባ ሥርዓት ነው። ተማሪው በመጀመሪያ የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲን ነው፤ የትምህርት ክፍሉን የሚያገኘው ግን የመጀመሪያውን ዓመት ከጨረሰ በኋላ፣ በውጤቱ ከሌሎች ጋር ተወዳድሮ ነው። ከመላ አገሪቱ ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች በሚሰበሰቡበት ግቢ አካውንቲንግና ፋይናንስን ወይም ኢኮኖሚክስን ለማግኘት ያለው ፉክክር ብርቱ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ስሙ የገነነ አንድ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት በደስታ ከሄደ በኋላ፣ በጥቂት ነጥብ ልዩነት ፈጽሞ ባላሰበው የትምህርት ክፍል ተመድቦ አራት ዓመት ሲቆዝም አይቻለሁ። የድርጅት ሒሳብ ማንበብ ያልተማረ ሰው፣ የመጣው ከየትም ዩኒቨርሲቲ ቢሆን፣ ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አይኖረውም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስሙን የተከለው በሐኪሞቹ ነው። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት ሲጀመር የባለሀብት ጉዳይ በሐሳቡም አልነበረ፤ በማራኪ ግቢ ያለው የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ትምህርትም ከሕክምናው ብዙ አሥርት ዓመታት ዘግይቶ የመጣ ነው። ነገር ግን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሠረት፣ ማለትም ሒሳብ አያያዝ፣ ስታቲስቲክስ፣ የኩባንያ ፋይናንስና የንግድ ሕግ፣ እዚህም ይሰጣል። ወደፊት የሚገኝን ገቢ ወደ ዛሬ ዋጋ የመመለስ ስሌት ሰንጋ ተራም ሆነ ማራኪ አንድ ነው። ኤክሴል ላይ ደጋግሞ መሥራት ደግሞ የትም ተቀምጦ ይቻላል። ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በየዓመቱ ኦዲት የተደረገ ሒሳባቸውን በጋዜጣ ያወጣሉና፣ ለልጅቱ ያንን ገጽ ቆርጣ እንድታስቀምጥና የሁለት ተከታታይ ዓመታቱን ጎን ለጎን እያነበበች ምን እንደተለወጠ እንድትጽፍልኝ ከአሁኑ አስጀምሬያታለሁ። ሰሊጥ ከመተማ ተጭኖ የሚያልፍባት፣ የዳሸን ቢራ ፋብሪካ የቆመባት ጎንደርም ካፒታል ከየት መጥቶ ምን እንደሚሠራ ለመመርመር የምታንስ ከተማ አይደለችም።

ምክሬ የሚጸናው ግን አንድ ነገር ከተሟላ ብቻ ነው። ልጅቱ ቢያንስ ሁለት ክረምት አዲስ አበባ፣ አክስቷ ቤት ተቀምጣ፣ በኢንቨስትመንት ባንክ ወይም በገበያው የተግባር ልምምድ ማግኘት አለባት፤ ያለዚያ ከሰንጋ ተራ ልጆች ጋር እኩል ልትቆም አትችልም። ስለዚህ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጣቸው ተቋማት ለልምምድ ተማሪ ሲቀበሉ ማስታወቂያውን ለክልል ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲያደርሱ፣ ማመልከቻውንና ቃለ መጠይቁን በኢንተርኔት እንዲያደርጉ፣ ከየግቢው የተወሰነ ቦታ እንዲለዩ በትሕትና እጠይቃለሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከእነዚህ ተቋማት ጋር ስምምነት ተፈራርሞ ከሆነ፣ ምርጫ ከመሞላቱ በፊት ለወላጆች ግልጽ ያድርግ፤ ካልተፈራረመም ዘንድሮ ይጀምር።

ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው አቅርቦ መልሳቸውን ቢያትምልን ውለታችሁ ትልቅ ነው። እህቴ ልጇ ከጎኗ በመቅረቷ ምክሬን ወድዳዋለች፤ ልጅቱ ግን ገና አልወሰነችም፣ አሁንም «ጋሼ፣ ክረምቱ ላይ ማንም ባይቀበለኝስ?» ትለኛለች። ለዚህ ጥያቄዋ እኔ ልሰጣት የምችለው መልስ የለኝም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ጡረተኛ የባንክ ባለሙያ
ጎንደር፣ ማራኪ