ጣርማበር ላይ የሚቆመው ሰው ብስክሌተኛን ማስቆም ይፈቀድለት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው መጋቢት ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ደርሶ የሚመለስ የብስክሌት ውድድር በአካባቢያችን ተካሂዶ ነበር። ደርሶ መልሱ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ የደብረ ሲና ነዋሪ ነኝ። በበጎ ፈቃደኝነት ተመዝግቤ ጣርማበር ላይ፣ ከዋሻው አፍ ትንሽ መለስ ብሎ ባለው መቆጣጠሪያ ጣቢያ ተመደብኩ። የምጽፍላችሁ ያን ቀን ስላየሁት ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፤ እዚያ የሚቆመው ሰው ብስክሌተኛን ማስቆም ይፈቀድለት።

ሥራችሁ ተብሎ የተነገረን ቀላል ነበር። ቁጥሩን አይታችሁ ሰዓቱን መዝግቡ፣ ካርዱ ላይ ማህተም ምቱ፣ ውሃ ስጡ። የተሰጠን ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መዝገብ፣ ማህተምና ብዙ የታሸገ ውሃ ነው። ሸራ እንኳን አልነበረንም።

ጣርማበር አውቶቡስ ሲደርስ «መስኮት ዝጉ!» የሚባልበት ቦታ ነው። ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ምዕራብ የወረደው ዝናብ በጀማ ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የወረደው አዋሽን ይከተላል። ከቆላው የሚነሳው ጉም ገደሉን ይዞ ይወጣና አፋፉ ላይ ይቆማል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ዋሻ አልፎ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ነው።

ያን ቀን የበልግ ዝናብ ከሌሊት ጀምሮ ሲያካፋ ነበር። የፊተኞቹ ጠዋት 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረሱ። ማህተም አስመትተው ወዲያው አለፉ። የሚያስፈራው ኋላ የሚመጣው ነው። ቀስ ብሎ የሚጋልብ ሰው ብዙ ሙቀት አያመነጭም፤ ዝናቡ ላይ ደግሞ ብዙ ይቆያል።

ወደ 3 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ወጣት መጣ። የለበሰው ስስ ማሊያ ከገላው ጋር ተጣብቋል። ካርዱን ከኪሱ ማውጣት አቃተው፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። እኔ አወጣሁለት። ቁጥሩን ስጠይቀው ሌላ ቁጥር ነገረኝ። ጀርባው ላይ አይቼ ጻፍኩ። «ትንሽ አረፍ በል ወንድሜ» አልኩት። «ሰዓት እየሄደብኝ ነው፣ ምታልኝ» አለ። መታሁለት። ጉሙ ውስጥ ገባ።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ይዞት ተመለሰ። ከዋሻው ማዶ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ፍሬኑን መጨበጥ አልቻለም። ደግነቱ የወደቀው በተራራው በኩል ነው። በገደሉ በኩል ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሌላ ልብ ነበር። የአንገት አጥንቱ ተሰብሯል። አምቡላንስ እስኪመጣ የሹፌሩን ጋቢ ደርበንለት ጠበቅን። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም፤ ማህተሙን የመታሁት እኔ ነኝ።

ብስክሌተኛ ሲወርድ እግሩ ሥራ ያቆማል። ሰውነቱን ያሞቀው የነበረው መርገጡ ነው። እሱ ሲቆም ነፋሱ በረጠበ ልብስ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ የሚደነዝዘው ጣት ነው፤ ፍሬን የሚይዘውም ጣት ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ሰው ግራ ይጋባል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። የራሱን ቁጥር የረሳ ሰው ቁልቁለት ሊለቀቅ አይገባም። ይህን የሚያህል ነገር ለእኛ የነገረን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ማንንም ሳንጠይቅ ሥራውን ቀየርነው። አብራኝ የቆመችው ልጅ አጠገብ ካለው መንደር ሮጣ ሄደች። አንዲት እናት የከሰል ምድጃቸውን ከነሻዩ ይዘው መጡ። ሌላዋ ሁለት ባና አመጡ፤ ያ የበግ ጠጉር ባና ረጥቦም ያሞቃል። አንድ አባት በቅንነት አረቄ ይዘው ቀረቡ። «ጋሼ፣ ይሄ ይጎዳቸዋል» ብዬ በትህትና መለስኳቸው። አረቄ ቆዳን ያሞቀ ይመስላል እንጂ የውስጡን ሙቀት ነው የሚያስወጣው። እሳቸውም ተረድተውኝ ሄደው ማገዶ አመጡ። ብዙዎቹ ጿሚዎች ስለነበሩ ስኳር የበዛበት ሻይና በሶ ጥሩ ሆነላቸው።

አንድ ሌላ ነገርም አደረግን። ብስክሌተኞች ቁልቁል ከመውረዳቸው በፊት ጋዜጣ ደረታቸው ላይ ከማሊያው ሥር ማድረጋቸው በአውሮፓ ተራሮች የቆየ ልማድ ነው። ወረቀቱ ነፋሱን ይከለክላል። ከአንድ ሱቅ አሮጌ ጋዜጦች ለመንንና ለእያንዳንዱ አደልን። የእናንተም ጋዜጣ ነበረበት።

ይህን ስናደርግ ስልክ ተደወለልን። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ነበር። «ተወዳዳሪ እያስቆማችሁ ነው አሉ። ሥራችሁ መመዝገብ ነው፤ ውጤት ታበላሻላችሁ» አለን። እኛ ግን ቀጠልን። የተንቀጠቀጠ ሁሉ ጣቱን አሙቆ፣ ቁጥሩን በትክክል ነግሮን ሄደ። ከዚያ በኋላ ጣርማበርን ሲወርድ የወደቀ አልነበረም።

ውጤት ይበላሻል ለሚለው መልስ አለኝ። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ጣሊያን ውስጥ የሚላን–ሳን ሬሞ ውድድር እየተካሄደ በረዶ ወረደ። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆነ ውድድር ነው። አዘጋጆቹ መሃል ላይ አቁመው ብስክሌተኞቹን በአውቶቡስ ተራራውን አሻገሯቸውና ከዚያ ማዶ አስጀመሯቸው። ውድድሩ እስካሁን አለ፤ ክብሩም አልቀነሰም። ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ 1200 ኪሎ ሜትር በሚጋለብበት ጉዞ ላይም እንደኛው በየጣቢያው ካርድ ላይ ማህተም ይመታል። የጊዜ ገደቡ እስከ 90 ሰዓት ነው። እዚያ ጣቢያ ማለት ግን የሚበላበትና የሚተኛበት ቦታ ነው።

እኛም ለብስክሌት እንግዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የኛ ልጆች ደግሞ ከፍታ ላይ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አንዱ ሳንባው አንሶት ሳይሆን ጣቱን ማሞቂያ አጥቶ ሲቀር ያናድደኛል።

ከሰዓት በኋላ ስለነበረው ብዙ አልልም። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ሽቅብ ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ጨው ደርቆ ነበር። ያን ጊዜ ውሃው ጠቀመን፤ በሶውን ጨው ጨምረን ሰጠን።

አሁን የሚቀጥለው ዓመት ውድድር ዝግጅት ተጀምሯል ሲባል ሰማሁ። አዘጋጆቹን የምጠይቀው ብዙ ወጪ ያለው አይደለም። ጣርማበር ላይ ሸራ፣ የከሰል ምድጃ፣ ሻይና ደረቅ ልብስ ይኑር። በጎ ፈቃደኞቹ ከውድድሩ በፊት ግማሽ ቀን ከጤና ባለሙያ ጋር ይቀመጡ። ከሁሉም በላይ በደንቡ ላይ አንድ መስመር ይጻፍ፦ የጣቢያው ሰው ተወዳዳሪው መውረድ አይችልም ካለ ካርዱ ማህተም አይመታበትም፤ የቆመበት ደቂቃም ከሰዓቱ ይቀነስለታል። ይህ ካለ ልጆቹ «ሰዓት ሄደብኝ» ብለው አይሟገቱንም።

የወደቀው ወጣት ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። አጥንቱ ገጥሟል፣ መጋለብም ጀምሯል። በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ አለኝ። እኔም እዚያው ነኝ አልኩት። ባናውን ያመጡልን እናትም ከወዲሁ አጥበው አስቀምጠውልናል።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ሲና