ከደሴ ላንተ፣ ስለ አምባሰልና ስለ እህቴ ክንድ

አቦ እንዴት ነህ ወንድምዓለም፣ ሰላም ነው? አንተም ጠፋህ እኔም ጠፋሁ፣ ማን ቀድሞ ዝም አለ በሚለው አንነታረክ በቃ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፣ እማዬ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ በቡና አሁንም እሷን ሚያክል የለም። እኔ ያው ፒያሳ ስልክ ጥገናው ላይ ነኝ።

የጻፍኩልህ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ታናሿን እህቴን ታስታውሳታለህ አይደል፣ ከተወለደች ጀምሮ መስማት የማትችለዋን፣ አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች። መውሊድ ላይ መንዙማ ሲባል ከድቤው አጠገብ ሄዳ ትቀመጥና አንድ እጇን ወለሉ ላይ አድርጋ ምቱን ትይዛለች፣ ከዛ ከሰው እኩል ነው ምታጨበጭበው ወላሂ። ትዝታ ከፍቼ ስፒከሩን ሳስነካት ግን ፊቷ ላይ ምንም የለም። "ሰው ሚያለቅሰው ምኑን ነው?" ብላ በምልክት ጠየቀችኝ፣ ምን ልበላት?

ሙዚቃን በንዝረት ሰውነት ላይ ስለማድረስ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሰዎቹ ሩቅ ሄደዋል። ሚዩዚክ ኖት ኢምፖሲብል የሚሉት አለ፣ እንደ ሰደርያ ይለበሳል፣ ከነእጅና እግር ማሰሪያው 24 ቦታ ላይ ይነዝራል፣ በ2018 ላስ ቬጋስ ላይ መስማት የተሳናቸውም የሚሰሙትም ለብሰውት ኮንሰርት ገብተዋል። ሸጋ ነገር ነው፣ ግን ለኔ ድራምና ቤዝ ለበዛበት ሙዚቃ ነው ሚሆነው። የኛ ሐዘን ምቱ ላይ አይደለማ፣ ቅኝቱ ላይ ነው።

ቆዳ ደግሞ ጆሮ አይደለም። ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ ሚነዝረውን) ይሰማል፣ ቆዳ ግን ከ1,000 ገደማ በላይ አይሰማውም፣ በደንብ ሚነቃው 250 አካባቢ ላይ ነው፣ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ መለየት ላይማ በጣም ደካማ ነው። ቦታን ግን ይለያል! እና ድምፁን በቦታ ብንቀይረውስ አልኩ። አራቱም ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ አምስት አምስት ድምፅ ስለሆኑ አምስት ሚነዝር ትንሽ ሞተር ክንዷ ላይ መደርደር ነው፣ ግን እኩል እኩል ከደረደርካቸው ትዝታም ባቲም ያው ይሆኑባታል፣ ልዩነታቸው በድምፆቹ መሀል ያለው ርቀት መሆኑን ላንተ ለመሰንቆ ተጫዋቹ አልነግርህም። ስለዚህ ርቀቱም ክንዷ ላይ ይቀመጥ። አምባሰል ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ይጠጋጉና ሦስተኛው ሁለት ሙሉ ድምፅ ርቆ ይመጣል አይደል፣ ሞተሮቹም እንደዛው። ክንድ ላይ የተነኩት ቦታዎች ሁለት መሆናቸው እንዲታወቅ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር መራራቅ አለባቸው፣ ግማሽ ድምፅን 4 ሳንቲ ካልነው አምባሰል ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ድምፅ 8 ግማሽ ድምፅ ስለሆነ 32 ሳንቲ ይሆናል፣ ከእጅ አንጓዋ ተነስቶ ከክርኗ ትንሽ አለፍ ይላል፣ ይበቃል።

ጣጣው ሞተሩ ነው። የድሮ ስልክ ቫይብሬተር ያቺ አንድ ጎኗ የከበደ ትንሽ ሞተር ናት፣ ቀስ በይ ስትላት ኃይሏም አብሮ ይወርዳል፣ ለመነሳትም ለመቆምም ትዘገያለች፣ መሰንቆ ላይ ድምፁ አብጦ አብጦ ቀስ እያለ ሚከስመውን እሷ አትችለውም። አዳዲሶቹ ውስጥ ያሉት በስፕሪንግ ሚመላለሱት ይሻላሉ፣ ቶሎ ይነሳሉ ቶሎ ይቆማሉ፣ ኃይላቸውንም እንደፈለግክ ትቀንሳለህ። ከተበላሹ ስልኮች እየፈታሁ እየሰበሰብኩ ነው፣ ባለሱቁ አብዷል ይለኛል።

ስኮትላንዳዊቷ ኤቭሊን ግሌኒ 12 ዓመቷ ላይ ጆሮዋ እጅግ ተዳክሞም በባዶ እግሯ ንዝረቱን እየተቀበለች በየመድረኩ ከበሮ ትጫወታለች፣ እሷ ግን ልጅ እያለች ሰምታለች። የኔዋ ሰምታ አታውቅም። ትዝታ ክንዷ ላይ ሲሄድ ታለቅሳለች ብዬ አልጠብቅም፣ እኛንስ ሚያስለቅሰን ቅኝቱ ብቻ መች ነው፣ አብሮት ያደግነው ነገር ነው እንጂ። ቢያንስ አምባሰልን ከባቲ ትለየው፣ የቀረውን የራሷን ነገር ትጨምርበታለች።

ካንተ ምፈልገው ይሄውልህ፣ አምባሰልና ባቲን በመሰንቆ ብቻ፣ ዘፈን ሳይገባበት፣ እያንዳንዱን ድምፅ ረዘም እያደረግክ ቀድተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ የቱ ላይ ቆመህ የቱን ነካ አድርገህ ብቻ እንደምታልፍም ንገረኝ። አብሽር፣ ስቱዲዮ ምናምን አያስፈልግም ስልክህ ይበቃል። ብቻ ቪዲዮ ይሁን፣ እህቴ ደጋኑን የያዘውን እጅህን ማየት እፈልጋለሁ ብላለች።