እግሬን ለመለሳችሁልኝ የጅማ ሰዎች

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አላህ ይስጥልኝ። ስድስት ወር ሙሉ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ስትጸልዩልኝ ነበርና ሁለቱንም እላለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። መርካቶ፣ ሂርማታ፣ በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግቼ የምሰፋው እኔ ነኝ። 22 ዓመት እዚያው ነኝ። ነሐሴ ላይ በድንገት ስጠፋ ምን እንደሆንኩ ያልሰማ ስላለ ከመጀመሪያው ልናገር።

ነገሩ የጀመረው ፔዳሉ ላይ ነው። ነሐሴ ለልብስ ሰፊ ከባድ ወር ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ይከመራል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ክፉ ተቅማጥ ይዞኝ ለቆኛል። አንድ ጠዋት ፔዳሉን ስረግጥ እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። በማግስቱ ከወንበር ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝ። ብርድ ነው ተባልኩ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ የቫይታሚን መርፌ ወግቶ አሰናበተኝ። ወጌሻም አሸኝ። በሦስተኛው ቀን ድካሙ ጭኔ ደረሰ። በአራተኛው መቀስ መጨበጥ አቃተኝ። ባለቤቴ «ኧረ ይሄ ብርድ አይደለም፣ ወደ ላይ እየወጣ ነው!» ብላ ጮኸች። ጎረቤት ተጠርቶ፣ በባጃጅ ተጭኜ ሆስፒታል ገባሁ።

አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለችኝ። ገና ኢንተርን፣ ማለት ተለማማጅ ሐኪም ናት፤ ልጄ ልትሆን ትችላለች። በትንሽ መዶሻ ጉልበቴን መታ አደረገች። እግሬ ንቅንቅ አላለም። ሌላውንም መታች፤ ያው ነው። ያን ጊዜ «ጋሼ፣ ተቅማጥ ነበረብዎት እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ እግሬ ስጨነቅ ስለ ሆዴ መጠየቋ ገረመኝ። ለካ ነገሩ ገብቷታል።

በማግስቱ ለምርመራ የጀርባ ውሃ ይቀዳ ተባለ። ዘመድ ሁሉ ተነሳ። «ከጀርባው ውሃ ከተቀዳ ሽባ ሆኖ ይቀራል» አሉ። እኔም እምቢ አልኩ። ያቺ ልጅ አልተቆጣችኝም። ወረቀት አምጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳለችልኝ። ከላይ አንጎል አለ። ከሱ ሥር ህብለ ሰረሰር የሚባል የነርቭ ገመድ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ይወርዳል። ርዝመቱ በትልቅ ሰው 45 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። እኔ በልቤ ለካሁት፤ የትንሽ ተማሪ እጅጌ ያህላል። ከወገብ ከፍ ብሎ ያልቃል። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ስለሆነ አይነካውም። በቃ ይኸው ነው። ፈረምኩ። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ዘመድ አዝማድ ያነሳውን ፍርሃት አበረደው። ልጄ፣ ከሁሉ በላይ የማመሰግንሽ ለዚያ ወረቀት ነው። እስካሁን ቤቴ ተቀምጧል።

በሽታው ጊላን ባሬ ይባላል። የፈረንሳይ ሐኪሞች በ1916 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፈውታል። ወረቀቱ ላይ ከአንጎል 12 ጥንድ፣ ከህብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች ወጥተው ወደ ሰውነት ይበተናሉ። ከወገብ ተነስቶ እግር ጣት የሚደርሰው የነርቭ ክር ብቻውን ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ብዙዎቹ ክሮች ላይ ማይሊን የሚባል ሽፋን ተጠቅልሏል። ሽፋኑ ደህና ሲሆን መልእክት በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይሮጣል። የእኔ ሰውነት የተቅማጡን ተህዋስ ለመዋጋት ያዘጋጀው ሠራዊት ተሳስቶ የራሴን ነርቮች መታ። አንጎሌ «ተነሣ» እያለ ያዛል፤ ትእዛዙ መንገድ ላይ ይቀራል።

መዶሻው ለምን እንዳልሠራም ጠየቅኳት። አንድ ነገር አነሳችልኝ። መርፌ ጣታችሁን ሲወጋችሁ እጃችሁ ከህመሙ ቀድሞ ይመለሳል አይደል? 22 ዓመት ይህን አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ለካ ህብለ ሰረሰር አንጎልን ሳይጠብቅ ራሱ «መልስ» ብሎ ያዛል። አንጎል የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። የጉልበቱም እንዲሁ ነው። መልእክቱ ደርሶ የሚመለስበት መንገድ ሲበላሽ እግሩ ዝም ይላል።

አስፈሪው ሌሊት ነበር። ድካሙ ወደ ላይ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያንቀሳቅሰውን ጡንቻ ሊይዝ ይችላል። የሱ ነርቭ የሚነሳው ከአንገት ነው። የልብ ምትና የደም ግፊትም ሊዘበራረቅ ስለሚችል በየጊዜው ይለኩኛል። ነርሶቹ እየመጡ «በአንድ ትንፋሽ ይቁጠሩ» ይሉኛል። የመጀመሪያው ሌሊት 34 ቆጠርኩ። በሁለተኛው 26። በሦስተኛው 19 ላይ ተቋረጥኩ። ነርሷ ምንም አላለችም፤ ግን ወንበር አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አጠገቤ የተኙ ከገጠር የመጡ አንድ አባት ነበሩ። አማርኛ ብዙም አይችሉም። እኔ ስቆጥር እሳቸውም በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያሉ አብረውኝ ይቆጥሩ ነበር። ጠዋት 20 ስል «ገላቶሚ ያ ረቢ»፣ ጌታ ሆይ ተመስገን፣ ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። አባባ፣ የት እንዳሉ አላውቅም። ዕድሜ ይስጥዎት።

የሌሊት ነርሶች፣ ስማችሁን ሁሉ አልያዝኩም። እየገለበጣችሁ ጀርባዬን ከቁስል አድናችሁታል። ባለቤቴና እህቴም ከእናንተ ተምረው 40 ቀን ሙሉ በፈረቃ ገለበጡኝ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ድካም ከሁለቱም እግር ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ከወጣ አትሹት፣ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ዘግይቶ የመጣ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው ማን ይቆጥርለታል?

የበረንዳው ልብስ ሰፊዎች! 47 ዩኒፎርም ጥዬባችሁ ሄድኩ። ተካፍላችሁ፣ የራሳችሁን ሥራ ወደ ጎን ብላችሁ፣ ከመስከረም በፊት ጨረሳችሁት። ብሩን ሳትነኩ ለባለቤቴ ሰጣችሁ። ይህን ስሰማ መናገር አቅቶኝ አለቀስኩ። እድራችን፣ ጎረቤቴ ሐጂ፣ አጥሚትና ገንፎ ያመላለሳችሁ እናቶች፣ ቡና ጠዋት ማታ ቤቴ ያፈላችሁ፣ ውለታችሁ አለብኝ።

የፊዚዮቴራፒው ልጅ ደግሞ ቤት ስገባ «ጋሼ፣ በርጩማ አለ?» አለኝ። ጅማ ውስጥ በርጩማ የሌለበት ቤት የት አለ? በሦስት እግሯ ላይ ቁጭ ብድግ እያስባለ ሚዛኔን መለሰልኝ። ሽፋኑ በሳምንታትና በወራት ይጠገናል። ክሩ ራሱ የተጎዳ ከሆነ ግን በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያድገው። ስለዚህ የግራ ጣቶቼ ጫፍ እስካሁን ይደነዝዘኛል። እየጠበቅኩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፔዳሉን ረገጥኩ። ቁልፍ ስተክል መርፌው ጣቴን ወጋኝ። እጄ ራሱ ተመለሰ፤ ህመሙ ቀጥሎ መጣ። ባለቤቴን ጠርቼ ደሙን አሳየኋት። አቀፈችኝ።

አንድ ሰው ቀርቶኛል። በዚያ ዝናብ ሆስፒታል ድረስ የወሰድከኝ የባጃጅ ሹፌር። ከጎረቤቶቼ ጋር ተሸክመህ አስገባኸኝ፤ ሂሳብም ሳትቀበል ሄድክ። ፊትህን በደንብ አላየሁትም። የተቀደደ ሰማያዊ ጃኬት ለብሰህ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ፤ ቀኝ ትከሻው ላይ ስፌቱ ተተርትሯል። ይዘኸው ና። በረንዳው ላይ ነኝ።