አዲስ አካውንትና ድረ ገጽ አክቲቬት ስለማድረግ (ሥራ ስለማስጀመር) ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን «ተመዝግቤ ነበር፣ ግን አልገባ አለኝ» እያላችሁ ሂርማታ ወደሚገኘው ቢሯችን የመጣችሁ ብዙ ናችሁ።

የመመዝገቢያ ቅጹን ሞልታችሁ ስትልኩ ለአካውንቱና ለድረ ገጹ የመረጣችሁት ስም ይያዝላችኋል እንጂ አካውንቱም ሆነ ድረ ገጹ ገና አልተከፈተም። የሚከፈተው በኢሜይል የሚደርሳችሁን ሊንክ ስትጫኑ ነው። በ2 ቀን ውስጥ ካልተጫናችሁት የያዛችሁት ስም ይለቀቃል፤ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፣ እናንተም እንደገና ትመዘገባላችሁ። መልእክቱን ካጣችሁት ስፓም (ኢሜይሉ ያልተፈለጉ መልእክቶችን የሚያስቀምጥበት ክፍል) ውስጥ ፈልጉት።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ቡና አቅራቢ ደንበኛችን መጥተው ነበር። ኢሜይሉን የከፈተላቸው ስልኩን የሸጠላቸው ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን እሳቸው አያውቁትም። ስልኩን ሲቀይሩ ኢሜይሉም በዚያው ቀረ። ሊንኩን የላክነው ማንም ወደማይከፍተው ሳጥን ነበር ማለት ነው። በጣም አዝነናል፤ ሲመዘገቡ «ኢሜይሉን ራስዎ ይከፍቱታል?» ብለን መጠየቅ ነበረብን። ከእንግዲህ ሁላችሁንም እንጠይቃለን።

ይህን አጥብቀን የምናነሳው በምክንያት ነው። ወደፊት የይለፍ ቃል ቢጠፋባችሁ መቀየሪያው የሚላከው ወደዚሁ ኢሜይል ነው። ኢሜይላችሁ በሰው እጅ ከሆነ ድረ ገጻችሁም በዚያ ሰው እጅ ነው። እባካችሁ የራሳችሁን ክፈቱ፤ ስትጽፉትም አንድ ፊደል እንዳትዘነጉ።

የምትመርጡት ስም በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላትና ቁጥሮች ብቻ ይጻፋል፤ ርዝመቱ ከ4 ፊደል ወይም ቁጥር ማነስ የለበትም፣ መሐሉም ክፍት ቦታ አይኖረውም። የድረ ገጹን አድራሻ ከተከፈተ በኋላ እናንተ መቀየር አትችሉም። ስለዚህ ዛሬ በምትሸጡት ዕቃ ስም ባትሰይሙት እንመክራለን፤ ዘንድሮ ቡና ብቻ የያዘ ሰው ለከርሞ ማር ሊጨምር ይችላል። በድረ ገጹ ላይ ከላይ የሚታየውን ርዕስ ግን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መጻፍ፣ በፈለጋችሁ ጊዜም መለወጥ ትችላላችሁ።

ሊንኩን ሁለተኛ ጊዜ ስትጫኑት «ቀድሞ አክቲቬት ሆኗል» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ተከፍቷል ማለት ነው። የይለፍ ቃሉ በሌላ መልእክት ይመጣል፤ እንደገባችሁ ቀይሩት። ለማንም አትስጡት፣ እኛም አንጠይቃችሁም።

2 ቀኑ ያለፈባችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ያለ ክፍያ አብረን እንመዘግባለን፣ ሊንኩንም እዚያው ትጫናላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ሠራተኞች
ጅማ