ነይልኝ፣ እታለሜ

እታለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? የእማማ ጉልበትስ ተሻላቸው? ጠፋሽ እንዳትይኝ፣ የቁጣሽን ነገር ስትመጪ እንጨርሰዋለን። አዎ፣ ትመጫለሽ። የጻፍኩልሽም ለዚሁ ነው።

ቅዳሜ ተማሪዎቼን ይዤ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ ወጣሁ። እንደ ልማዴ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጀመርኩ። በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ባሕር ዳር ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ የመጣውን የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስን ነገርኳቸው፤ ከዚያ ዐፄ ምኒልክን። ያቺ የቀረችው የኖራ ግድግዳ ጋ ስንደርስ አንዱ ልጅ «መምህር፣ ይሄን ማን ሠራው?» አለኝ። «ዐፄ ምኒልክ» አልኩት። «እሳቸው ድንጋይ ተሸከሙ?»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን እስካሁን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ልጁ እውነቱን እኮ ነው!

ትዝ ያልሽኝ ያኔ ነው። ደብረ ብርሃን ስንማር የሰው ካብ ስታገላብጪ ውሻ ያስባረርሽን አንቺ አይደለሽ? ካንቺ የሰማሁትን ነገርኳቸው። በጭቃ የተገነባ ቤት ሣር ክዳኑ ከወደቀ ዝናብ ያሟሟዋል። ኖራ ግን ድንጋዩ ተቃጥሎ፣ በውሃ በርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ከተለወሰ በኋላ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ዓመት በዓመት ይጠነክራል። ግድግዳውን እየዳሰሱ ሰሙኝ። ከዚያ ወዲያ ግን እውቀቴ አለቀ። ኖራው እንዴት ይቃጠል ነበር? ጠራቢው ድንጋዩን በየት በኩል ይመታዋል? ግንበኛው ማዕዘኑን እንዴት ይይዛል?

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. እዚሁ አንኮበር እንደተወለዱ፣ የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት እንደሠሩ ስነግራቸው የልጆቹ ፊት ይበራል። የእኛው አገር ሰው እጅ ነዋ! ለግንበኞቹም ፊታቸው እንዲሁ እንዲበራ እፈልጋለሁ። ስማቸውን ያስተማረኝ የለም፤ ሥራቸውን ማሳየት ግን ይቻላል፣ የሚያነበው ሰው ከተገኘ። ያ ሰው አንቺ ነሽ።

እንግዲህ... ገንዘብ የለንም። ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት መሰለሽ። የመኪናሽን እኔ እችላለሁ፣ ማደሪያሽም እኔ ጋ ነው፣ ሽሮሽም እንደምትወጂው ይሆናል።

ከግድግዳዋ እንጀምርና ቁልቁል አብያተ ክርስቲያናቱን እያየን እንወርዳለን፤ አንቺ ትመሪያለሽ፣ እኔ ልጆቹን እይዛለሁ። የሚመችሽን ቅዳሜ ብቻ ንገሪኝ። ጋቢ እኔ ጋ አለ። ቱንቢሽንና ውሃ ልክሽን ግን እንዳትረሺ፣ ልጆቹ በእጃቸው ይሞክሩት።

ያንቺው